አንቺ፣ አንተ፣ አንቱ

ተኝተዋል። ይኸ የካርቱም ቀትር ሰውን እንደ ነዶ ያጋድመዋል፤ እመቤቴ ሲት ፋጢማ ከጓዳዋ ማራገቢያውን ከላይዋ አስጩኻ ተኝታለች፣ ባሏ ተኝቷል፣ ትንሹ ልጇ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፣ ዘበኛው ከአጥሩ ጥላ ሥር ተኝቷል፣ እኔ ብቻ፣ አገሬ የምባል የዚህ ቤት ሠራተኛ፣ ከሳሎኑ ወለል ምንጣፍ አንጥፌ ዓይኔን ከዚህ ጥቁር ስልክ ላይ ተክዬ ጋደም ብያለሁ፤ እንቅልፍ ትናንትም አልነበረኝ ዛሬም የለኝ። ጩህ እንጂ! ምን ዘጋህ? ትናንት ሳልፈልግህ ጮኸህ ልቤን ሰነጠቅኸው፣ ዛሬ ስለምንህ ድምፅህን ዋጥህ። ልጄ ከተኛችበት ሆስፒታል፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ስሜነህ የሚባል ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነው የነገረኝ፤ ቀዶ ጥገናው ነገ ጠዋት ነው፣ ነገ በዚሁ ሰዓት ደውለን ውጤቱን እንነግርሻለን ብሎኛል። ጠዋቱ ሄዷል። ልጄ ወይ ድናለች ወይ አልዳነችም፤ ከሁለት አንዱ ሆኗል፤ የሆስፒታሉ በረኛ ያውቀዋል፣ ወለሉን የምትወለውለው ሴት ታውቀዋለች፣ እናቷ ብቻ አታውቀውም።

ልጄ ድናለች ወይ፣ እላለሁ። ቻይነሽ ነው ስሟ። ወንድ ነው። ይኸው፣ ይህን በልቤ ስለው እንኳ ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ አይ እኔ፣ በሰው አገር ተኝቼ ማን ሊሰማኝ! ከእሱ በፊት ሁለት ወልጃለሁ፣ ሁለቱም ወንዶች፤ ሁለቱንም አንተ እያልሁ አጠባሁ፣ አንተ እያልሁ አዘልሁ፣ አንተ እያልሁ ቀበርሁ። ሦስተኛውን ሳረግዝ እማሆይ ወለተ ሥላሴ፣ እኒያ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጎጆ የነበረቻቸው መነኩሲት፣ ጠሩኝና «ልጄ፣ ሞት ዓይን የለውም፣ ጆሮ ብቻ ነው ያለው፣ የሰማውን ነው የሚወስድ፤ ወንድ ከሆነ የወተት ጥርሱን እስኪነቅል አንቺ በዪው» አሉኝ። አዲስ ነገር አይደለም። በእኛ አገር ልጅ የሞተባት ሁሉ ታደርገዋለች፤ ወንዱን አንቺ ትለዋለች፣ ሴቷን አንተ ትላታለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ ይስቃል፣ አብሮ ይላል፤ የማያውቀው ሞት ብቻ ነው። እኔ ግን ትርፍ ሄድሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ጎረቤትም አይወቅ አልሁ፣ ጎረቤት ዓይንም አለው አፍም አለው። አዋላጇን አስምዬ እልልታውን በሴት ልክ አስባልሁ። ክርስትናው ደግሞ ነበር፤ ወንድ በአርባ ሴት በሰማንያ ነው የምትነሣ፣ እዚያው አጥቢያዬ በአርባው ባስነሣው አገር ሊያውቅብኝ ነው፤ ስለት አለብኝ ብዬ በበቅሎ ግሽ ዓባይ ድረስ ወሰድሁትና ማንም ከማያውቀን ተሳላሚ መካከል ክንፈሚካኤል አስብዬ አመጣሁት፣ ከዚያ ሰማንያው ሲደርስ ጎረቤቱን ጠርቼ «ልጄን ግሽ ዓባይ አስነሣኋት» ብዬ ንፍሮ አበላሁ። ቀሚስ አለበስሁት፣ ጠጉሩን ጎነጎንሁት፣ ገላውን ከእኔ በቀር ማንም አያጥበውም። አደገ። ሲያስነጥስ በድንጋጤ እየሞትሁ፣ ሲያስል እየሞትሁ፣ አደገ። ታዲያ ማን ነው ያን ጊዜ ተሳሳትሽ የሚለኝ?

መዋሸት ያልሆነለት አባቱ ነው። ገደፋው ወገኑ አገው ነው፣ ከቡሬ በላይ እናርስ በነበረበት ቀበሌ ግማሹ ሰው ሁለቱንም ቋንቋ ይናገራል፤ ልጁን ከጉልበቱ አስቀምጦ ሲያጫውተው በአገውኛ ብቻ ነበር። ምነው አማርኛው ጠፋህ ወይ ስለው «በአገውኛ ለወንዱም ለሴቱም ያው አንድ ቃል ነው፤ ልጄን ሳልዋሽ ላጫውተው» ይለኛል። እስቅበት ነበር። ያንን ቋንቋ ተምሬ፣ በዚያ አሳድጌው ቢሆን ኖሮ! ያን ጊዜ ግን ብልጥ የሆንሁ እኔ ነበርሁ፣ ሞኙ እሱ። ኋላ የሚሊሺያ ምልመላ መጣ፣ ደርግ ወንድ እየቆጠረ ይለቅም ጀመር፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከደጃፋችን ቆሞ ገደፋውን ሲያስወስድ ልጁን አየና «ይቺስ?» አለ። «ሴት ናት» አልሁ። አለፈ። ባሌን እየወሰዱብኝ ልቤ ውስጥ አንዲት ኩራት ብልጭ አለች፤ ለሞት ብዬ የዘየድሁት ለዚህኛውም መልማይ በጀኝ አልሁ። ተመልከቺ እንግዲህ፣ ባሏ እየተወሰደ የምትኮራ ሴት።

ገደፋው ከጦሩ ጠፍቶ በመተማ ወደ ሱዳን ተሻገረ፣ ገዳሪፍ ታየ አሉኝ። ወሬ ነው። ወሬውን አምኜ ልፈልገው ተነሣሁ፤ ልጁ ያን ጊዜ ገና ቃላት እየቆራረጠ ነው የሚናገር። ለእህቴ ለእትዬ በለጠች ሰጠሁት። ቡሬ ከተማ ነው ቤቷ፣ መውለድ አልሆነላትም፣ ልጅ ስትወድ ግን እንደሷ አላየሁም። ቶሎ እመለሳለሁ አልኋት። ስለያት ምን እንደቸገረኝ እግዜር ይወቀው፣ «እትዬ፣ በሚካኤል ማይልኝ» አልሁ፤ «ጥርሷን እስክትነቅል ወይ እኔ መጥቼ በአፌ እስክፈታት ድረስ ገላዋን ሰው አያይ፣ ወንድ መሆኗን ሰው አይስማ»። «ወንድ መሆኗን» ስል ሁለታችንም ሳቅን፤ እያለቀስን ነበር፣ ሳቅን። ማለችልኝ። የእህቴ መሐላ የመሐላ ልክ ነው፣ ብትሞት አታፈርሰውም፣ ያን አውቃለሁ፣ አውቄ ነው ያስማልኋት። ገደፋው ገዳሪፍም የለ፣ ከሰላ ከተማም የለ፣ ካርቱምም የለ። መመለስ? በዚህ ዘመን «ከሱዳን መጣች» የተባለች ሴት ወዴት እንደምትገባ ሕፃን ያውቃል፤ ያውም የከዳ ወታደር ሚስት። ዛሬ ነገ ስል ልጁ ያለኔ አደገ።

ዐረብኛም ልክ እንደኛ ነው፤ ወንዱን ኢንታ፣ ሴቷን ኢንቲ። እኔ ግን የሲት ፋጢማን ትንሽ ልጅ ኢንቲ እለዋለሁ። ወድጄ አይደለም፤ የምወደውን ልጅ ስጠራ ምላሴ ሌላ መንገድ አያውቅም። መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ ሐበሻዋ ቋንቋ አልገባት ብለው፤ ኋላ ሲት ፋጢማ ከፋትና «አገሬ፣ ልጄ ወንድ ነው፣ በሰው ፊት አታዋርጂው» አለችኝ። ምን ልበላት? ከሞት እየደበቅሁልሽ ነው ልበላት? እሺ አልሁና በማግስቱ ደገምሁት። የሌላቸው አንቱ ነው። ሽማግሌውንም ኢንታ፣ እንግዳውንም ኢንታ፣ ይቀፈኝ ነበር። እኛ ዘንድማ አንቱ ለታላቅ ነው፣ ለአማት ነው፣ ለባዳ ነው፤ ልጅም አፉን ሲፈታ ለሰው ሁሉ አንቱ ማለትን ይማራል፣ ለእናቱ ግን አንቺ ነው የሚላት፣ እናትን አንቱ የሚል ልጅ በሰፈራችን አላየሁም። እዚህ ሆኜ የልጄን አንቺ በሐሳቤ እሰማው ነበር፤ «አንቺ እናቴ፣ ና በዪኝ» ሲለኝ፤ «ነዪ በዪኝ» ሲለኝ ልበል እንጂ፣ እሱ እኮ ራሱን በሴት ነው የሚጠራ።

የዚህን ቤት ስልክ ቁጥር በመንገደኛ ለእህቴ ልኬላት ነበር። ትናንት ሲጮህ ሳህን እያጠብሁ ነበር። ሲት ፋጢማ ከእንቅልፏ ተነሥታ ዓይኗን እያሸች «አገርሽ ነው» አለችኝ። እጄ እንደ ረጠበ ያዝሁት። አንድ ሰው በዐረብኛ ተናገረ፣ ከዚያ እንደ ዝናብ ያለ ጩኸት፣ ከዚያ ከአዲስ አበባ አንዲት ሴት «ሱዳን፣ ማን ልበል?» አለች። «አገሬ» አልኋት። «አገርዎን አይደለም እትዬ፣ ስምዎን ነው»። «ስሜ ነው!» ቆየችና «ፍኖተ ሰላም፣ አገሬ ቀርባለች፣ ተናገሩ» አለች። አገሬ ቀርባለች! በሌላ ቀን ቢሆን ሰሙን ትቼ ወርቁን ሳወጣ እውል ነበር። «እህቴ፣ አትደንግጪ» አለኝ አንድ የከተሜ ድምፅ፤ «ስሜነህ እባላለሁ፣ ድሬሰር ነኝ። ቻይነሽ እኛ ጋ ተኝታለች... ተኝቷል። እኔም እኮ አምታታችሁኝ! ካርዱ ላይ ሴት ተብላ ተጽፋ ሴቶች ክፍል ነው ያስተኛናት፣ ታላቅሽ ናት ማታ በጆሮዬ የነገረችኝ።» ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ደግ ሰው። አንጀቱ በብሽሽቱ በኩል እየወረደ ነው። ለጊዜው ተመልሷል፣ ግን ባለቀሰ ቁጥር ይወርዳል፣ አንድ ጊዜ ወርዶ አልመለስም ካለ ደግሞ ይታነቃል፤ ከታነቀ በኋላ ማዳን ይከብዳል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ይቀደዳል፣ ይሰፋል፣ ቀላል ነው። «ችግሩ ማስነካት የለም። ቀሚሱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይጮሃል። ዶክተሩ አታስለቅሱት ይላል፣ እኛ ስንጠጋው ያለቅሳል። እኔን ነክሶኛል፤ ነክሶኝ ሲያበቃ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንቱ› አለኝ!» ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ በዚያ ሰዓት፣ በእህቴ አስተዳደግ ኮርቼ ሳቅሁ። «እናቴ ካልፈታችኝ አይሆንም ነው የሚለው፤ በምን እንዳሰራችሁት እናንተ ታውቃላችሁ፣ አንቺው ፍቺልን» አለኝ።

ከዚያ እህቴ ተቀበለችው። «አገሬ» አለች፣ ድምፅዋ አርጅቷል፣ «እብጠቷ ከጾሙ በፊት ነው የጀመራት። ስታለቅስ ይወጣል፣ ስትተኛ ይገባል። በሙቅ ጨርቅ እያሸሁ እመልሰው ነበር። ቡሬ ክሊኒክ ላሳያት ብዬ ስንቴ ከደጅ ተመለስሁ፤ ቦታው... ቦታው እዚያው ነው እኮ፣ እሱን ሳያዩ አያዩትም። መሐላሽን ፈራሁ። ትናንት ወጥቶ አልገባ ሲል፣ ስታስመልስ፣ ያን ጊዜ አዝዬ ወጣሁ፣ በጭነት መኪና አመጣኋት።» ለሞት ያጠርሁት አጥር ልጄን ከሐኪም አጥሮልኛል። ለሌላው ሰው ጨዋታ የሆነው፣ አገር አብሮ የሚስቅበት፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ መሐላ ሆነ። «ላንቺም ልንገርሽ» አለች፤ «ስትጠይቀኝ፣ ‹ያንቺን ነገር የምናውቅ እኔና እናትሽ ብቻ ነን፣ እናትሽ መጥታ ምን እንደሆንሽ በአፏ ስትነግርሽ ያን ጊዜ ይፈታል› እያልሁ ነው ያሳደግኋት። እንግዲህ ንገሪያት።»

ትንፋሽ ሰማሁ። ትንሽ ትንፋሽ፣ ከሽቦው ጋር የተጠጋ። «ቻይነሽ?» አልሁ። «ማን ነዎት?» «እናትሽ ነኝ።» «እናቴ ሱዳን ናት» አለኝ፣ እንደ ማያውቅ ሰው ሊያስረዳኝ። «ከሱዳን ነው የምናገር፣ በሽቦ ነው። ስሚኝ፣ ቀሚስሽን ለሐኪሞቹ አውልቂላቸው፣ ይዩሽ፣ ያድኑሻል።» «ለሰው አይታይም።» «እኔ ነኝ አይታይ ያልሁት፣ አሁን ይታይ።» ያስባል፤ ሲያስብ ይሰማኛል፤ ገደፋውም እንዲህ ነበር፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት በአፍንጫው ይተነፍሳል። «እናቴ ከሆንሽ» አለኝ፣ «ምን እንደሆንሁ ታውቂያለሽ። ንገሪኛ።»

አንድ ቃል ነው። በአፌ ያለ ቃል ነው። ግን ሁለቱ ከዓይኔ ፊት ቆሙ፤ አንተ ስላቸው የነበሩት፤ ትንሹ ሊሞት ሲል እንኳ አንተ፣ አንተ፣ እያልሁ ነው የጠራሁት፣ ሞት በዚያ ጥሪ የወሰደው ይመስለኛል፣ ሁልጊዜ ይመስለኛል። ነገ ሊቀደድ ነው፣ ዛሬ ወንድ ነው ብዬ ልጥራበት? ደግሞ ሽቦው ላይ ሰው አለ። የካርቱሙ አለ፣ የአዲስ አበባዋ አለች፣ የፍኖተ ሰላሟ አለች፣ ማን እንደሚሰማ ማን ያውቃል፣ ዘመኑ የጆሮ ዘመን ነው፣ ወንድ የሚቆጠርበት ዘመን ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እንግዲህ ይኸን ሁሉ ሳስብ ልጄ ይጠብቃል። «ንገሪኛ» አለኝ ደግሞ፣ ቀጠን ብሎ። «አን...» አልሁ። አንተም ቢሉ አንቺም ቢሉ በአን ነው የሚጀመር፣ እዚያው ላይ ቀረሁ። «አን...» ስል «ሦስት ደቂቃ ሞልቷል» አለች አንዷ፣ ቀጭ አለ። ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ! «አንተ! ወንድ ነህ! ወንዴ ነህ! ክንፈሚካኤል ነህ!» እያልሁ በሞተ ስልክ ላይ ጮኽሁ። የቤቱ ትንሽ ልጅ ደንግጦ አለቀሰ፣ ባልየው ወጣ፣ ሲት ፋጢማ ስልኩን ከእጄ ወስዳ አስቀመጠችና «ምንድን ነው? ማን ሞተ?» አለችኝ። «ልጄ ወንድ ነው» አልኋት በዐረብኛ። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው፤ ለሷ፣ ለማይመለከታት። «አልሐምዱሊላህ!» አለች፣ «ታዲያ ይኸ ምን ያስለቅሳል?»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት! ይነቅዛል፤ የኔ ነቅዟል፣ ዱቄት ሆኗል። ምን ነበረበት? ልጅ ጠየቀኝ፣ መልስ ነበረኝ። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ቢኖሩ እንኳ «ልጄ፣ እኔ አንቺ በዪው አልሁሽ እንጂ አንደበትሽን ስፊው መቼ አልሁሽ» ይሉኝ ነበር። ሚካኤል፣ መሐላውን እኔ ነኝ ያስማልሁ፣ በእህቴ አታድርገው፣ በልጁም አታድርገው፤ ቂሙን ከእኔ ጋር ጨርስ። ጠዋት አስቤዋለሁ፤ ጀርባዬን ለምድጃው ሰጥቼ አስቤዋለሁ፤ አሁን ያስተኙታል፣ አሁን ይጮሃል፣ አሁን ይወርዳል፣ አሁን ይታነቃል፤ ወጡን አሳረርሁት፣ ሲት ፋጢማ ያረረውን በላች። ጥርሱንስ? ጥርሱ ተነቃንቃ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም። በዚህ ዕድሜው መነቃነቋ አይቀርም። አንዲት ጥርስ ነበረች የቀረችን። ድምፁን ስሰማው ሳቁን ልጠይቅ፣ የሚወደውን ልጠይቅ ሲገባኝ፣ አውልቂ ብቻ አልሁት፤ እንደ ባለሥልጣን። ጩህ እንጂ አንተ ስልክ! ይኸው፣ ስልኩን እንኳ አንተ እለዋለሁ። ሁሉን አንተ እላለሁ፣ በሩን፣ ውሻውን፣ ከእሱ በቀር።

ጮኸ። ሳይደግም አነሣሁት፣ ዐረብኛው አለፈ፣ ዝናቡ አለፈ፣ የአዲስ አበባዋ ስሜን ሳትጠይቀኝ «አገሬ ቀርባለች» አለች፣ ከዚያ እህቴ፤ «ወጣ!» አለች። ወጣ። ወጣች አላለችም። ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ለሬሳ ነው ወይስ ለወንድ ነው «ወጣ» የሚባለው ብዬ... «እትዬ፣ ማን ነው የወጣ?» «ልጅሽ ነዋ! በሰላም ወጣ፣ ነቅቷል፣ ውኃ ስጡኝ እያለ ያስቸግራል!» እንባዬ ያለ ድምፅ ወረደ። ሐኪሙን እግዜር ይስጠው፣ ሚካኤል ይስጠው፣ ያቺን ወለል የምትወለውለዋንም ይስጣት። «ሌሊቱን ሙሉ ሲጠይቀኝ አደረ» አለች እህቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «‹ያች ሴት አታውቅም፣ እናቴ አይደለችም› እያለ። ጠዋት ሊያስገቡት ሲሉ ማልቀስ ጀመረ፣ ቦታው ሲነፋ አየሁት አገሬ፣ በዓይኔ አየሁት። ጨነቀኝ። መሐላውን ከደጃፉ ጣልሁት። በጆሮው ‹አንተ ወንድ ነህ፣ ክንፈሚካኤል ነህ› አልሁት። ጸጥ አለ። ቀሚሱን ራሱ አወለቀው፣ ራሱ! ለስሜነህ ወረወረለት። አፉን ሲያዩት ጥርሱ ተነቃንቃ ኖሮ፣ ደንዝዞ እንዳይውጣት ብለው ያን ጊዜ ነቀሏት። መሐላውን ካፈረስሁ በኋላ መሆኑ ነው እንጂ!» ልትስቅ ፈለገች፣ አልሆነላትም።

«ሌላም አለ» አለች። «ሌላ ምን?» «ስነግረው ዓይን ዓይኔን አየኝና ‹ለካ አንቺ ነሽ እናቴ› አለኝ። የምትነግርሽ እናትሽ ናት ብዬ አይደል ያሳደግሁት። ምን ልበለው አገሬ? አይደለሁም ብለው ሊያለቅስ ነው፤ ካለቀሰ... አዎ አልሁት። የማደንዘዣ ጭምብሉን እስኪያደርጉለት እማ እያለ እጄን ይዞ ነው የተኛ። ስትመጪ እንነግረዋለን። እኔ እነግረዋለሁ።» ሰማኋት። ከሆዴ አንድ ነገር ወረደ፣ አልተመለሰም። መቅናት ነው እንዳልል ደስ ብሎኛል፣ ደስታ ነው እንዳልል ያመኛል። «ደግ አደረግሽ» አልኋት፣ ከልቤ ነው፣ «ደግ አደረግሽ እትዬ፣ እኔ ያቃተኝን ነው ያደረግሽው። እስቲ ድምፁን አሰሚኝ።»

ትንፋሹ መጣ፣ የገደፋው ትንፋሽ፣ ዛሬ ደከም ያለ። እህቴ ከወዲያ «ደኅና ነሽ ወይ በላት፣ ደኅና ነሽ» ስትለው ይሰማኛል። «ደኅና ነዎት?» አለኝ። ልጄ ባለጌ አይደለም፤ ከሩቅ አገር የደወለችን ታላቅ ሴት አንቺ አይላትም። «ደኅና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» አልሁ፤ ከዚያ ሦስቱም ስልክ ቤት ይስማ፣ ሞትም ጆሮውን ይክፈት ብዬ «አንተስ? አንተ ደኅና ነህ?» አልሁት። «እግዜር ይመስገን። ጥርሴም ተነቅላለች፣ ስወጣ ጣሪያ ላይ እወረውራታለሁ» አለ። «እሰይ የኔ አንበሳ» አልሁ። ዝም ስለው ጊዜ፣ ጨዋታ እንዳይቋረጥ እንደ ትልቅ ሰው፣ «አንቱስ ልጅ አለዎት?» አለኝ። «አለኝ» አልሁ። «ወንድ ነው ሴት?» «ወንድ» አልሁት፤ ወዲያው ነው ያልሁት፣ ምንም አልከበደኝም።

«እግዜር ያሳድግልዎ» አለኝ።